ለሌሊት ባቡር ነጂ የእንቅልፍ አያያዝ፤ በድሬዳዋ ሙቀት

ባቡር መንዳት ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። የሚጠመዘዝ መሪ የለም፣ መንገዱ ሐዲድ ነው፣ የሚቀድም መኪናም የለም። ከባዱ ነገር ይኸው ነው። ከድሬ ወጥቶ በአዲጋላና በአይሻ በኩል ወደ ደወሌ የሚወርደው መስመር ለጥ ያለ ደረቅ ሜዳ ይበዛዋል። ሌሊት ደግሞ ከፊት መብራቱ ውጪ የሚታይ የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የደከመ ዓይን ሳያስፈቅድ ይከደናል።

ሂሳቡን እንሥራው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ነጂው ለ5 ሰከንድ ካንጎላጀ ከ110 ሜትር በላይ ሳያይ ሄደ ማለት ነው። በ120 የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር ከሆነ ከ160 ሜትር በላይ። እዚህ መስመር ላይ ደግሞ ግመልና ከብት ሐዲድ ያቋርጣል። የተጫነ ባቡርም ፍሬን ስለተያዘ ብቻ ቀጥ አይልም። ለመቆም ብዙ መቶ ሜትር ይፈልጋል።

ስለ ንቃት ሲወራ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ከካቢን ነው የሚጀምረው። ቡና ጠጡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ መስኮት ክፈቱ ይባላል። እኔ ከዚያ አልጀምርም። ነቅቶ የመንዳት ሥራ ባብዛኛው የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው፣ ከጉዞው በፊት። ካቢን ውስጥ ማድረግ የሚቻለው ትንሽ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ነጂው ብቻውን ባያነበው ደስ ይለኛል። ቤት ያሉትም ይስሙት።

ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። የሥራ ፕሮግራማችሁ በፈረንጅ ሰዓት ከመጣ ለቤተሰቡ ስትነግሩ ቀይራችሁ ንገሩ። “በ3 ሰዓት ቀስቅሱኝ” ብሎ ተኝቶ ቤቱን ማምታታት በጣም ቀላል ነው።

1. ፕሮግራሙ ሲደርሳችሁ እንቅልፉንም ጻፉበት

ፕሮግራም ሲመጣ ሁሉም ሰው የሚያየው መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ነው። መቼ እንደሚተኛ የሚጽፍ የለም። እናንተ ጻፉት። ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ምልክት አድርጉ።

መጀመሪያ ሁለቱን የድካም ሰዓቶች። ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ገደማ የሰውነት ሙቀት ዝቅ ይላል፣ ንቃትም አብሮ ይወርዳል። ሥራ ለምዶብኛል የሚል ሰው እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ደግሞ ሌላ፣ ቀለል ያለ መውረጃ አለ። ለድሬ ሰው ይኼን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሱቁም ሰዉም በዚያ ሰዓት ዘግቶ ይጋደማል። ባቡሩ በእነዚህ ሰዓቶች የት እንደሚሆን አስቡ። ብቸኛና ረጅም ቦታ ላይ ከሆነ አስቀድማችሁ እወቁት።

ሁለተኛ፣ ከነቃችሁበት ሰዓት ጀምራችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ የሚጀምረው ሥራ ስትገቡ አይደለም፣ ስትነሱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ፣ ቀኑን ሳትተኙ ውላችሁ፣ ማታ 3 ሰዓት ሥራ ገባችሁ እንበል። ስትገቡ ከነቃችሁ 15 ሰዓት ሆኗችኋል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ 17 ይሞላል። ያ ክፉው የሌሊት 9 ሰዓት ሲደርስ 21 ሆኗል። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የሚሰጠው ምላሽ፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። 24 ሰዓት ሲሆን ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ጠጥቶ ባቡር የሚነዳ ሰው የለም። ሳይተኛ የሚነዳ ግን አለ፣ ያውም “ጎበዝ፣ ቻይ ነው” እየተባለ።

ሦስተኛ፣ በሁለት ሥራ መካከል ያለውን ዕረፍት አስሉ። ፕሮግራሙ ላይ 12 ሰዓት ሊል ይችላል። ከዚያ ላይ መመላለሻውን ቀንሱ። አዲሱ ጣቢያ እንደ ድሮው ምድር ባቡር ከዚራ መሀል አይደለም፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። መታጠቢያና መብያውን ቀንሱ። የቀረው 7 ሰዓት እንቅልፍ ካልያዘ የሚጎድለውን ከየት እንደምታመጡት ዛሬውኑ ወስኑ። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው የሚመከረው። አራት አራት ሰዓት እየተኛ ለዓመታት ደህና ነኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ድካሙን ለምዶት ነው እንጂ ድካሙ ለቆት አይደለም።

2. የቀን መኝታ ክፍል አዘጋጁ

ከሌሊት ሥራ የወጣ ሰው ቀን ሲተኛ የሌሊቱን ያህል አይተኛም። አምስት፣ ስድስት ሰዓት ያህል ተኝቶ ይነቃል። አንዱ ምክንያት የሰውነት ሰዓቱ ነው፤ በዚያ ላይ ብዙ ማድረግ አይቻልም። የቀሩት ብርሃን፣ ሙቀትና ድምፅ ናቸው። በእነዚህ ላይ ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል።

ከሙቀቱ እንጀምር፣ ድሬ ነውና። እንቅልፍ የሚመጣው ሰውነት ሲቀዘቅዝ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ከእኩለ ቀን በኋላ ምጣድ ነው። ቤታችሁ ከአንድ ክፍል በላይ ካለው የቀን መኝታውን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የማያገኘው ክፍል አድርጉት፤ ግድግዳው ወደ ምዕራብ የሆነውን ተዉት። ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ የከዚራ አሮጌ ቤቶች ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ግን ሁሉም ሰው ከዚራ አይኖርም።

ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ መጀመሪያ ገንዘብ የሚወጣበት ኮርኒሱ ነው፤ ከአልጋም ከቴሌቪዥንም በፊት። እስከዚያ ፍራሹን ከአልጋ አውርዳችሁ ሲሚንቶው ላይ አንጥፉ፣ ወለሉ ይሻላል። መስኮቱን ጠዋት ገና ሳይሞቅ ክፈቱ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ዝጉ። ብዙ ሰው ይኼን ገልብጦ ነው የሚያደርገው። ቬንትሌተር ካለ አየሩ በቀጥታ ፊት ላይ ሳይሆን ሰውነት ላይ እንዲያልፍ አድርጉት። ከመተኛታችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ። በጣም ቀዝቃዛው ለጊዜው ያረካል፣ ግን ያነቃል። መብራት የሄደ ቀን ደግሞ ነጠላ ወይም ሽርጥ በውሃ ነክራችሁ ጨምቃችሁ ደረት ላይ ጣል አድርጉ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ያቀዘቅዛል።

ብርሃኑ ቀላል ነው። መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ፣ ካልተገኘ በጥቁር ላስቲክ ወይም በካርቶን ዝጉት። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣቶቻችሁን መቁጠር ከቻላችሁ ገና አልጨለመም። ከበሩ ሥር የሚገባውንም አትርሱ።

ድምፁ ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ማስቀረት አይቻልም። ከፋርማሲ የሚገዛ የጆሮ መድፈኛ ይረዳል። የቬንትሌተሩ ወጥ ድምፅም ሌላውን ይሸፍናል።

አሁን ማንም የማይነግራችሁን አንድ ነገር ልጨምር። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቺኩንጉንያ ገብቶባት ብዙ ሰው አንቀጥቅጧል። ሁለቱን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ እንደ ወባ ትንኝ ሌሊት አይደለም የምትናከሰው። ቀን ነው፣ በተለይ ጠዋትና ወደ ማታ ላይ። ቀን የሚተኛ ሰው ለእሷ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ አጎበሩ ቀንም ይውረድ። ውሃ ስለሚጠፋ ሁላችንም ቤት በርሜልና ጀሪካን አለ። ትንኟ የምትራባው እዚያ ውስጥ ነው። ክዳን ይኑረው፣ በሳምንት አንዴም ባዶ አድርጋችሁ ግድግዳውን ፈግፍጋችሁ እጠቡት። ነገሩ ከእንቅልፍ ጋር አይገናኝም የሚል ካለ፣ ቺኩንጉንያ የያዘውን ሰው መገጣጠሚያውን ይጠይቀው።

3. ከቤቱና ከጎረቤቱ ጋር ተስማሙ

በእኛ አገር ቀን የሚተኛ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሰነፍ ነው። ይህን አስተሳሰብ በአንድ ቀን አንቀይረውም። ስምምነት ግን ማድረግ እንችላለን።

በር ላይ አንድ የሚታወቅ ምልክት አንጠልጥሉ። ቀይ ጨርቅም ይሁን ሌላ፣ ግቢው ሁሉ ይወቀው። ምልክቱ ካለ በር አይንኳኳም፣ ቡና ጠጡ አይባልም፣ ልጆች እዚያ መስኮት ሥር ኳስ አይጫወቱም። ለልጆች ማብራራቱ ከአዋቂ ይልቅ ቀላል ነው፤ “አባዬ ሌሊት ባቡር ስለሚነዳ አሁን ለእሱ ሌሊት ነው” ቢባሉ ይገባቸዋል። ለጎረቤቷ ደግሞ ባለቤትየው ትናገር፦ “እትዬ፣ እስከ 9 ሰዓት እንዲተኛ ፍቀዱለት፤ ቡናውን ከዚያ በኋላ አብረን እንጠጣለን።” ቀጠሮ የተሰጠው ጎረቤት አይቀየምም። ነጂዋ ሴት ከሆነች ይህ ሁሉ በእጥፍ ይከብዳል። ሥራ አድራ የገባች እናት ቁርስ እንድትሠራ፣ ልጅ እንድታደርስ፣ ልብስ እንድታጥብ ይጠበቃል። ያ ቤት ውስጥ ባልየው ወይ እህት ወይ ሌላ ሰው ጠዋቱን ካልያዘ የተጻፈው የመኝታ ሰዓት ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስልኩን አትዝጉት፣ ከሥራ ሊፈልጓችሁ ይችላሉ። ግን ሳይለንት አድርጋችሁ የሥራውን ቁጥርና አንድ የቤተሰብ ቁጥር ብቻ እንዲጮህ ማስተካከል ይቻላል። ካልቻላችሁበት አንድ ወጣት አስተካክልልኝ በሉት፣ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ለቅሶና ሠርግስ? ለቅሶ አይቀርም። ግን ሥራ አድሮ የመጣ ሰው ተኝቶ ከሰዓት በኋላ ቢደርስ ማንም አይታዘበውም። አንድ ዘመድ ቀድሞ ሄዶ “ሌሊት ሥራ ነበር፣ ይመጣል” ካለ ነገሩ አለቀ።

4. ከሌሊት ሥራ በፊት ተኙ

የመጀመሪያዋ ሌሊት አደገኛዋ ነች። ጠዋት እንደ ሰው ተነስቶ፣ ውሎ፣ ማታ የሚገባበት ቀን ስለሆነ። ስለዚህ ማታ 3 ሰዓት የምትገቡ ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ጀምራችሁ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኙ። ያ የቀኑ መውረጃ እንቅልፉን ያመጣላችኋል። እንቅልፍ ባይወስዳችሁም ጨለማ ውስጥ ጋደም በሉ፣ ስልክ ሳትነኩ።

ተነስታችሁ ወዲያው ሥራ አትግቡ። ከጥልቅ እንቅልፍ የተነሳ ሰው ለ15፣ ለ30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጭንቅላቱ ድፍን ይላል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተነሱ። ታጠቡ፣ ቀለል ያለ ነገር ብሉ፣ ተንቀሳቀሱ።

5. ጫቱ ላይ እንነጋገር

ስለ ድሬ ነጂ እንቅልፍ እየጻፉ ጫትን መዝለል አይቻልም። የጫት ገበያው አወዳይ ቅርብ ነው፣ በርጫውም በየቤቱ ነው። እኔ እዚህ ሰው ልገሥጽ አልመጣሁም። አሠራሩን ብቻ ልንገራችሁ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በአሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው። ምርቃናው ላይ እያለ ሰው በእርግጥ ይነቃል። ጣጣው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነቅቻለሁ የሚለው ስሜት ከትክክለኛው ችሎታ ይበልጣል። የመረቀነ ሰው በራሱ ይተማመናል፣ ይቸኩላል፣ አንድ ሐሳብ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ሲግናል ለሚጠብቅ ሰው ይኼ ጥሩ አይደለም። ሁለተኛ፣ ምርቃናው ሲወርድ ድካሙ ተከማችቶ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ የተቃመ ጫት የሚለቀው ሌሊት ነው። የሌሊቱ 9 ሰዓት መውረጃና የምርቃናው መውረጃ ከተገጣጠሙ የሚሆነውን አስቡት።

ጠዋት ከሥራ ወጥቶ መቃምም ያው ነው። እንቅልፉን እስከ ማታ ይገፋዋል። ከዚያ ለመስበር ጨብሲ ይመጣል፣ ሁለት ቢራ። አልኮሉ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ሌሊት ዱካክ ሲጫወትበት ያደረ ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቼ ነበር ቢልም አልተኛም።

ስለዚህ ፍርዴ ቀጥተኛ ነው። ሥራ ባለበት ቀን፣ ከሥራ በፊትም ሆነ ካቢን ውስጥ፣ ጫት የለም። የሚቅም ሰው ከሆናችሁ በዕረፍት ቀን፣ ቀደም ባለ ሰዓት ጀምራችሁ ቀደም ብላችሁ አቁሙ። የየቀን ቃሚ የነበረ ሰው ድንገት ሲተው የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ይጫጫነዋል። ስለዚህ መተውን ዕረፍት ላይ ጀምሩት እንጂ ረጅም የሌሊት ጉዞ ባለበት ሳምንት አይሁን።

6. ቡናን በሰዓቱ

ቡና ይሠራል። የሐረር ቡና አገር ላይ ሆኜ ሌላ ብል ማንም አይሰማኝም። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ በአንድ ቁጭታ ከሚጠጣው ይልቅ በትንሽ በትንሹ እየተከፋፈለ የሚጠጣው ለሥራ ይሻላል።

ካፌይን ከተጠጣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሥራ ይጀምራል። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ግን አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ከሰው ሰው ቢለያይም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ግማሹ ረፋድ 3 ሰዓት ላይ ገና ደማችሁ ውስጥ አለ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ልትተኙ ከሆነ የመጨረሻው ሲኒ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አይለፍ። ሻይና ሆጃም፣ ኮካም፣ የታሸገው ኢነርጂ ድሪንክም እዚሁ ሂሳብ ውስጥ ናቸው።

አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ወይም በተፈቀደ የዕረፍት ሰዓት አንድ ሲኒ ቡና ጠጡና ወዲያው ለ20 ደቂቃ ጋደም በሉ። ካፌይኑ ሥራ የሚጀምረው ልክ ስትነሱ ነው። ከ20 ደቂቃ አታስረዝሙት፣ ወደ ጥልቁ እንቅልፍ ከገባችሁ ድፍን ብላችሁ ነው የምትነሱት። ስልኩ ይጩህ።

7. ካቢን ውስጥ

መስኮት መክፈትና ዘፈን ከፍ ማድረግ ለጥቂት ደቂቃ ያነቃል፣ ከዚያ አይሠራም። ጥሩ ጎኑ ጊዜ መግዛቱ ነው፤ መጥፎ ጎኑ የዳኑ ማስመሰሉ ነው።

የሚያዋጣው ሥራን ጮክ ብሎ መናገር ነው። ሲግናል ሲታይ በጣት ጠቁሙ፣ ቀለሙን በድምፅ ተናገሩ፣ ፍጥነቱን አንብቡ። ጃፓኖች ይህን ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠሩበት ኖረዋል። ከውጭ የሚያየው ሰው ያስቀዋል። ግን ዓይን፣ እጅና አፍ አብረው ሲሠሩ ስህተቱ ይቀንሳል። ረዳት ወይም ሁለተኛ ሰው ካለ እሱ ይመልስ። ዝም ያለ መልስ ከመጣ አንዱ እያንቀላፋ ነው ማለት ነው።

ነጂው መንቃቱን ለማሳየት በየጊዜው የሚነካው የንቃት መቆጣጠሪያ ፔዳል ወይም ቁልፍ ጠባቂ ነው፣ ግን አትደገፉበት። ሰው ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖም እግሩ በልማድ ሊረግጠው ይችላል። 2003 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ሺንካንሰን የሚባለው ፈጣን ባቡር አንድ ነጂ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር እየነዳ ለ8 ደቂቃ ያህል ተኝቶ ነበር። ባቡሩን ያቆመው አውቶማቲክ ሲስተሙ ነው። ያ ሲስተም ባይኖር ብላችሁ አስቡ።

ከአዳማ ወዲህ ያለው መስመር ነጠላ ሐዲድ ነው። ባቡር ከባቡር ለመተላለፍ ጣቢያ ላይ ይቆማል፣ ይጠባበቃል። ያ መጠበቅ ወጥመድ ነው። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አየሩ ይሞቃል፣ ሥራ የለም። በዚያን ጊዜ ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከጓደኛችሁ ጋር የሚቀጥለውን ክፍል አንድ በአንድ ተነጋገሩ። ውሃው በየጊዜው በትንሽ በትንሹ ይሁን፤ በዚህ ሙቀት የውሃ ጥም ራሱ ያደክማል። ምግቡም ቀለል ይበል። እኩለ ሌሊት ላይ ክትፎና ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው 9 ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ምልክቶቹን እወቁ። ያለፋችሁትን ጣቢያ ማስታወስ ካቃታችሁ፣ ዓይናችሁ ከፈዘዘ፣ አንገታችሁ ከወደቀ፣ ሲግናሉን ሁለት ጊዜ ማየት ካስፈለጋችሁ፣ እንቅልፍ ጀምሯል። “ትንሽ ነው፣ አቦ፣ እዚህ ደወሌ ነው የቀረው” የሚባለው ያኔ ነው። አይባልም። የባቡሮቹን ጉዞ ለሚመራው ዲስፓቸር “ደክሞኛል፣ መቀጠል አልችልም” ተብሎ ይነገራል፣ በሚቀጥለው ጣቢያ ይቆማል። ይህን ዓረፍተ ነገር ቤት ውስጥ ተለማመዱት። ሳይለማመዱት ሌሊት ላይ ከአፍ አይወጣም።

8. ወደ ቤት ስትመለሱ

የጠዋት ፀሐይ ለሰውነታችሁ “ንቃ” የሚል ትእዛዝ ነው። ከጣቢያ ስትወጡ የፀሐይ መነጽር አድርጉ። ሞተር ሳይክል ወይም የራሳችሁን መኪና አትንዱ፤ ሰርቪስ ወይም ባጃጅ ያዙ። ሌሊቱን ባቡር በሰላም አድርሶ ጠዋት አስፋልት ላይ መውደቅ ያሳዝናል።

ቁርስ ትንሽ ብሉና በአንድ ሰዓት ውስጥ ተኙ። “ልጆቹን ላድርስ፣ ባንክ ልሂድ፣ ከዚያ እተኛለሁ” ያለ ሰው ሙቀቱ ላይ ነው የሚደርሰው። በአንድ ጊዜ ሰባት ሰዓት ካልመጣ ከፋፍሉት፤ ጠዋት ለአምስት ሰዓት፣ ከሥራ በፊት ለሁለት ሰዓት። ተከፍሎም ይቆጠራል።

የመጨረሻዋን ሌሊት ጨርሳችሁ ዕረፍት ስትገቡ ግን ጠዋት እስከ እኩለ ቀን ብቻ ተኝታችሁ ተነሱ። ቀኑን እንደምንም ገፍታችሁ ማታ 3 ሰዓት ላይ ተኙ። በማግስቱ እንደ ሰው ትነሳላችሁ።

ጾም ላይ

ረመዳን ውስጥ ሱሁር እንቅልፉን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ከኢፍጣር በኋላ ማምሸቱን ቀንሱ። ሱሁሩን ባላችሁበት ብሉና መልሳችሁ ተኙ፣ ቀን ደግሞ ያችን ከቀኑ 8 ሰዓት የምትጀምር እንቅልፍ አታስቀሯት። ውሃውን ከኢፍጣር እስከ ሱሁር አከፋፍሉት። በዓብይ ጾም ሌሊት ነድቶ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ማታ ሥራ ካለው የንስሐ አባቱን ያማክር። በረመዳንም መንገደኛ ስለሆነ ሰው ሃይማኖቱ የሚለው አለ፤ ሼኻችሁን ጠይቁ። ሁለቱም ወገን ሥራችሁ ምን እንደሆነ ቢያውቅ መልሱ ይቀላል።

የሚያንኮራፋ ነጂ

ይህን ክፍል ባለቤቶች ያንብቡት፣ የሚያንኮራፋው ራሱን አይሰማምና። በኃይል ያንኮራፋል፣ ድንገት ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደሚታነቅ ሆኖ ይተነፍሳል? ስምንት ሰዓት ተኝቶም ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ቁጭ ባለበት ያንቀላፋል? ይህ እንቅልፍ ላይ የመተንፈሻ መዘጋት ሊሆን ይችላል። ውፍረትና ወፍራም አንገት ያለው ሰው ላይ ይበዛል፤ ቀጭን ሰው ግን አይዘው ማለት አይደለም። የጃፓኑ ነጂ ላይ በኋላ የተገኘው ይኼው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ባቡር በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚፈቅድ ኩርባ ላይ በ132 ገብቶ 4 ሰው ሞቷል። ነጂው ሳይታወቅ የቆየ ይኸው ችግር ነበረበት፣ ሺፍቱም ወደ ማለዳ ከተቀየረ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ሕክምና ያለው ነገር ነው። ሲያንኮራፋ በስልክ ቅረጹትና ለሐኪሙ አሰሙት፣ ከማስረዳት ይቀላል።

መድኃኒት ላይም አንድ ነገር። የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖች ብዙዎቹ ያስተኛሉ። ፋርማሲ ስትገዙ “ባቡር ነጂ ነኝ፣ ያስተኛል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። የእንቅልፍ ክኒን ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ።

ፕሮግራም ለሚያወጣው

ነጂው ይህን ሁሉ አድርጎ ፕሮግራሙ ቢያፈርስበት ዋጋ የለውም። ሺፍት ሲዞር ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት ይዙር። ወደ ኋላ የሚዞረው ለሰውነት ይከብዳል። ተከታታይ ሌሊቶች አይብዙ። ፕሮግራሙ ቀድሞ ይውጣ፣ በስልክ በድንገት አይቀየር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ኦቨርታይሙን ደግሞ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ላይ ይገድበዋል። ግን አዋጁን ያላለፈ ፕሮግራምም ሊያደክም ይችላል፤ ሌሊት የተሠራ 8 ሰዓትና ቀን የተሠራ 8 ሰዓት አንድ አይደሉም።

ደክሞኛል ያለ ነጂ ደሞዙ ከተቆረጠ ወይም ሰው ፊት ከተዘለፈ፣ ሌላው ሁሉ አይቶ አፉን ይዘጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሌሊት ተጠባባቂ ነጂ ስሙ ተጽፎ ይቀመጥ፣ ዲስፓቸሩም የማንን ስልክ እንደሚደውል ሳይፈልግ ይወቀው። ድካሙ ሲነገር የሚሞላ አንድ ቅጽ ይኑር። ቅጹ ላይ የሚጠየቀው መቼ እንደተነሳ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ የት ቦታ ላይ እንደደከመው ብቻ ይሁን። እነዚህ ቅጾች ሲጠራቀሙ የትኛው ፕሮግራም መቀየር እንዳለበት ራሳቸው ይናገራሉ።